ያልተነበበው ቁጥር

ጦር ኃይሎች ያደገ ሰው ጦርነትን የሚያውቀው ከራዲዮ አይደለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሆስፒታሉ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከየግንባሩ የሚመጣውን ቁስለኛ ተቀባይ ነው። አምቡላንስ በሌሊት ሲመላለስ ከሰሙ እናቶቻችን ከመኝታቸው ተነሥተው ይቀመጡና «የሆነ ነገር አለ» ይባባሉ ነበር። ሲነጋ ራዲዮው ማርሽ ያሰማና የጠላትን ኪሳራ ያነብባል። ራዲዮው ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ ድሉም ቁስለኛውም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ድሉን እንሰማለን፣ ቁስለኛውን እናያለን፤ ያየነውን የሚያነብልን አልነበረም።

የዚያድ ባሬ ጦር በ1969 ዓ.ም ድንበር ጥሶ ሲገባ ልጅ ነበርኩ። ጅጅጋ ወደቀች፣ ጠላት ድሬዳዋና ሐረር ደጃፍ ደረሰ። ያ ጦርነት እኛ የፈለግነው ሳይሆን ቤታችን ድረስ የመጣብን ነው፤ በ1970 ዓ.ም የካቲት ማለቂያ ላይ ካራማራ ተሰብሮ ጅጅጋ ስትመለስ ሰፈሩ በእልልታ መናወጡ ተገቢ ነበር፣ ዛሬም የካራማራ ቀን ሲከበር ደስ ይለኛል። ያን የዘመተ ሰው የሚያናንቅ ሲገጥመኝ አልታገሥም።

ከዚያ ዘመን በአእምሮዬ የቀሩት ግን ሰልፎቹ ሳይሆኑ ቁስለኞቹ ናቸው። ትንሽ ሻል ያላቸው የሆስፒታል ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ክራንቻቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጪ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እኛ ልጆች ሲጋራ እየተላክንላቸው ሻይ እያመጣንላቸው ወሬ እንለቅማለን። ስለ ብርዱ፣ ስለ ውኃ ጥሙ፣ አጠገባቸው ስለነበረው ጓደኛ ይነግሩናል። ስለ ጠላት ስንጠይቃቸው «እሱም እንደኛ ነው፣ ታዞ ነው» የሚል መልስ ይሰጡን ነበር። ከነሱ አፍ የጠላት ስድብ ሰምቼ አላውቅም። የሚሳደበው፣ የሚፎክረው፣ «እንጨርሳቸዋለን» የሚለው ሰፈር ውስጥ የቀረው ጎልማሳ ነበር። ይህን ልዩነት ልጅ ሆኜ አስተውዬው እስካሁን አብሮኝ አለ።

ልጆቼ ወግ አጥባቂ ይሉኛል። ነኝ። መንግሥት ምሥጢር ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ጦር የት እንደሰፈረ፣ በየትኛው መንገድ ስንቅ እንደሚያልፍ በቴሌቪዥን የሚዘረዘርበት አገር ወታደሩን ራሱ ያስበላል። የውጭ ጉዳይ በዝግ ቤት፣ በቀስታ፣ ቋንቋ በሚያውቅና ታሪክ ባነበበ ሰው መያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ። ባንዲራ ሲሰቀል ቆሜ ነው የምጠብቀው፣ ወታደር አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሳይ ወንበሬን እለቅለታለሁ። እንግዲህ ከዚህ ቦታ ቆሜ ነው የምናገረው፤ የጦር ቦታ ምሥጢር ይሁን፣ የሟች ቁጥር ግን ምሥጢር አይደለም። ልጁን የላከ ሰው ልጁ መሞቱን ከላከበት አገር መስማት አለበት። ይህን ከየትኛውም የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ አልተማርኩትም፤ የሰፈራችን እድር ይህን ያውቅ ነበር።

መርዶ ሥርዓት ነበረው። ንጋት ላይ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው ነው የሚሄዱት፤ እናቲቱን የሚደግፉ ሴቶች አስቀድመው ይመረጣሉ፣ ድንኳኑ ተጭኖ ጥግ ላይ ይጠብቃል። ማንም ሰው ብቻውን እንዲሰማ አይተውም። ሞት ትልቅ ነገር ስለሆነ የሚነገርበት መንገድም ትልቅ ነበር።

በደርግ መጨረሻ ይህ ሥርዓት ተሰበረ። በ1980 ዓ.ም መጋቢት አፍአበት ላይ ናደው ዕዝ ሲፈርስ፣ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዲየር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን የገዛ መንግሥታቸው ከገደላቸው ገና ሳምንታት ነበር ያለፉት። ከመንግሥት ራዲዮ ማርሽና ዘፈን እየሰማን እውነቱን ማታ ማታ ድምፅ ቀንሰን ከኮሎኝና ከዋሽንግተን እንሰማ ነበር። ዶይቸ ቬለ ወይም የአሜሪካ ድምፅ ትክክል ነገሩን ለማለት ሳይሆን የራሳችን ቤት ዝም ሲል ጆሯችን ወደ ጎረቤት እንደሄደ ለማስታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ጆሮ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

የባድመ ነገር ሲነሣ ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነበር። ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ። አደባባዩ ዳር ጋዜጣ የሚያከራይ ልጅ ነበረን፤ በሳንቲም አንብበን የምንመልስለት። በዚያ ሰሞን ሰው ተሰልፎ ነበር የሚከራየው። የግል ጋዜጦች ከመንግሥት ይልቅ ይፎክሩ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ርዕስ አብዛኛው ግፋ በለው ነው። በ1992 ዓ.ም ግንቦት ጦራችን ሰብሮ ገብቶ ሰኔ 11 ተኩስ ሲቆም ደግሞ «አሰብስ?» የሚለው የወደብ ጥያቄ ተነሣ። ከሆስፒታሉ በር ሆኖ ለሚያይ ሰው ያ ጥያቄ በጣም ይከብድ ነበር።

የውጭዎቹ ደግሞ በራሳቸው መንገድ አሳዘኑን። አርጀንቲናዊው ደራሲ ሆርሄ ሉዊስ ቦርኼስ አገሩ ከእንግሊዝ ጋር በፎክላንድ ስትዋጋ ነገሩን ሁለት ራሰ በራዎች በማበጠሪያ እንደሚጣሉ አድርጎ ተናግሮ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ይህን አንሥተው ለእኛና ለኤርትራ ሰጡት፤ ከአንዱ ዘገባ ወደ ሌላው እየተቀዳ ዞረ። ቦርኼስ ስለገዛ አገሩ በሐዘን ሊለው ይችላል። ከናይሮቢ መጥቶ ሆቴል አድሮ የሚሄድ ሰው ሲለው ግን ሌላ ነው። በቴሌቪዥን ስሰማው፣ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሌለ የጎንደር ልጅ በጠዋቱ አጠገቤ ሻይ ጠጥቶ ነበር። እሱ የሄደው ለማበጠሪያ አልነበረም።

ከዚያ ጦርነት በኋላ የሆነውን ሳልረሳ እጽፈዋለሁ፤ ልጆች ሲሰሙት ተረት ይመስላቸዋል። በአልጀርስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም ስምምነት ተፈረመ። ወሰኑን የሚወስን ኮሚሽን በሔግ ተቋቋመ፣ ውሳኔውም የመጨረሻና አሳሪ እንዲሆን ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም ውሳኔው ሲወጣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ መወሰኗን በቴሌቪዥን አበሠሩ። ሰፈራችን ጮቤ ረገጠ። ጎረቤቶቼ በር ላይ ወጥተው ተሳሳሙ። ውሳኔው ግን ባድመ ለማን እንደሆነች በግልጽ አልተናገረም፤ ወሰኑ የሚያልፍባቸውን ነጥቦች በቁጥር አስቀመጠ እንጂ። መስመሩ ሲሰመር ባድመ ወደ ኤርትራ ነበር የወደቀችው። በማግስቱ ካርታ ዘርግቶ «ይህ ነጥብ ከባድመ በየት በኩል ያልፋል?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ በራሳችን ቴሌቪዥን አላየሁም። ኮሚሽኑ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን ግልጽ እስኪያደርገው ድረስ በብሥራቱ ቆየን፤ ከዚያ ብሥራቱ ወደ ዝምታ ተለወጠ። ያ ዝምታ እስከ 2010 ዓ.ም ዘለቀ።

አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ልጃቸው በ1991 ዓ.ም ሄደ። ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ ቆመ። ጦርነቱ አለቀ፣ የሌሎች ልጆች ተመለሱ። እትዬ የሚመለከተው ክፍል የተባለበት ሁሉ ሄዱ፤ «ይጠብቁ» ነበር መልሱ። በመጨረሻ የነገራቸው አብሮት የነበረ አንድ ጓደኛው ነው፤ ለበዓል መጥቶ፣ ሊጠይቃቸው ብሎ ገብቶ፣ የሚያውቁ መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ ቡና እያቀራረቡለት ብቻቸውን ሰሙት። ሽማግሌ አልመጣ፣ ድንኳን አልተጣለ። እድሩ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ዳኛው የድንኳኑን ካስማ እየመታ ያለቅስ ነበር። ዳኛውን ያሳፈረው ሞቱ ሳይሆን የተነገረበት መንገድ ነበር።

የኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ በ1993 ዓ.ም በዚያ ጦርነት 19,000 ሰው እንደሞተባቸው ተናገሩ። ቁጥሩን ያሳነሱት ይሆናል፤ ግን ተናገሩ። ከእኛ በኩል በይፋ የተነበበ የሟች ቁጥር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሚዛናዊ የሆኑ አጥኚዎች የሁለቱን ወገን ድምር ከ70,000 እስከ 100,000 ይገምታሉ፤ በግምቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ አንድ ከተማ ሰው ነው።

አገራችን መቁጠር ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ኮሪያ የሄደው የቃኘው ሻለቃ 121 ሰው ሞተበት፣ 536 ቆሰለበት፣ አንድም ምርኮኛ አልሰጠም፤ አስከሬኖቹ ባሕር ተሻግረው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ይህን ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ፈልጎ ያገኘዋል። በንጉሡ ዘመን፣ በዚያ ሩቅ አገር፣ በዚያ ጊዜ መርከብ፣ እያንዳንዱ ሰው ተቆጥሮ ነበር። እንግዲህ ስለ ኮሪያ የምናውቀውን ያህል ስለ ባድመ አናውቅም። የድሮው ይሻል ነበር ስል በብዙ ነገር እንደምሳሳት ልጆቼ ይነግሩኛል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የሚመልሱልኝ አጥተዋል።

በ1999 ዓ.ም ጦራችን ሞቃዲሾ ሲገባም ነገሩ አልተለወጠም። በኋላ በምክር ቤት ጥያቄ ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ስንት ሰው እንደሞተና እንደቆሰለ ምክር ቤቱ ማወቅ እንደማያስፈልገው ተናገሩ። ማርሹ ቀርቶ ነበር፣ ጋዜጣ አከራዩም ሥራ ለውጦ ነበር፤ የተቀመጡት ሰዎች ግን የሕዝብ እንደራሴዎች ነበሩ፣ ሰምተው ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ከዚያ 2010 መጣ። ሐምሌ ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች አስመራ ላይ መተቃቀፍ በቀጥታ ተላለፈ። ስልክ ተከፈተ፤ ሰው የማያውቀውን የአስመራ ቁጥር እየደወለ «እንዴት ናችሁ?» ይል ነበር። ደስታው እውነተኛ ነበር፣ እኔም አለቀስኩ። እትዬ እኛ ቤት ነበር ያዩት። ሁሉም እልል ሲል ጸጥ ብለው አይተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው «አሁን እንግዲህ አፅሙን ማምጣት ይቻላል?» አሉኝ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ብዙ ጥያቄ ይጠየቅ ነበር፤ ይህ ግን አልተጠየቀም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳይመለስላቸው አረፉ።

የ2013ቱን የትግራይ ጦርነት ለማንሣት እጄ ይከብዳል። በድጋሚ አምቡላንስ ነበር። በድጋሚ ሰፈራችን ከዜናው ቀድሞ አወቀ። ደም ለመለገስ የተሰለፈው ወጣት ብዛት አኮራኝ። ነገር ግን ቀድሞ የማላውቀው ነገር ደግሞ አየሁ። ድሮ ሰፈር ውስጥ ቀርቶ የሚፎክረው ጎልማሳ አሁን ስልኩን ይዞ በቀጥታ ስርጭት ለመቶ ሺህ ሰው ይፎክራል። ከዋሽንግተንም ከለንደንም ሆኖ ልጁን ጥሩ ትምህርት ቤት አድርሶ ተመልሶ የሰው ልጅን ወደ ግንባር የሚልክ ሰው አየሁ፤ በሁሉም ወገን። ምርኮኛ እንደ ዋንጫ ሲታይ፣ አስከሬን በቴሌግራም ሲዘዋወር አየሁ። መርዶ ንጋት ላይ በሽማግሌ ይደርሳት የነበረች እናት አሁን የልጇን ፊት በሰው ስልክ ላይ የምታገኝበት ጊዜ መጣ። በ2013 ዓ.ም ጥር አቶ ስዩም መስፍን መገደላቸውን መከላከያ ሲያሳውቅ፣ ያ ባድመን ያበሠረን ሰው፣ በዚያ ቀን ስልኮች ላይ የተጻፈውን ሳነብ አፈርኩ። የፖለቲካ ጠላትህም ቢሆን ሬሳ ፊት ባርኔጣህን ታወልቃለህ፤ ወግ ማጥበቅ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

በ2014 ዓ.ም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ደግሞ የውጭ ማሰራጫዎች ጉዳይ። ደሴና ኮምቦልቻ ከተያዙ በኋላ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ውጡ ይሉ ነበር፤ አንዳንድ ትልልቅ የውጭ ማሰራጫዎች የትግራይ ተዋጊዎች አዲስ አበባ ጠርዝ ደርሰዋል እስከማለት ሄዱ። ልጄ ከአሜሪካ እያለቀሰች ደወለች። በመስኮቴ ባቡሩ እንደ ወትሮው ከጦር ኃይሎች ወደ አያት ሲነሣ አያለሁ፤ ደሴ ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ያን ጊዜ «በቃ» ብለው የተሰለፉትን ንዴታቸው ይገባኛል፤ የእኛ ከተማ በስቱዲዮ ውስጥ ተከብባ ነበር። ነገር ግን ልጄን ሳረጋጋት የምጠቅሰው አስተማማኝ የራሳችን ዜና አልነበረኝም። የራሳችን ጣቢያዎች ደሴ በማን እጅ እንዳለች በግልጽ አይናገሩም ነበር፤ የትግራይ ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኛም ወይ ተከልክሎ ወይ ተባርሮ ነበር። ባዶ የተተወን ቦታ ሌላ ይሞላዋል። በባዕድ ጋዜጠኛ ተናድጃለሁ፤ በራሳችን ግን የበለጠ ተቆጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ባዕዱ ከእኛ ጋር እድር የለውም፣ እኛ ግን አለን።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈረመ። ስንት ሰው ሞተ? የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት የናይጄሪያው ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ተናገሩ። የሞቱብንን ወንድሞች ቁጥር፣ ግምቱም ቢሆን፣ የሰማነው አንድ ናይጄሪያዊ ሽማግሌ ለእንግሊዝ ጋዜጣ ነግረው ነው። ከዚህ በላይ የሚያስቆጣኝ የለም። ቁጥሩ በዝቷል የሚል ባለሥልጣን ትክክለኛውን ያንብብ፤ አንሷል የሚልም እንዲሁ።

ዛሬ ከባቡሩ ጣቢያ ወርጄ ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት ወጣቶቹ የሚያወሩት ስለ አሰብ ነው። በ2016 ዓ.ም ጥቅምት የቀይ ባሕር ጉዳይ በቴሌቪዥን ከቀረበ ወዲህ ወሬው አልበረደም። አልቃወማቸውም፤ ይህን የሚያህል አገር በ1985 ዓ.ም ያለ ባሕር በር ሲቀር ጉዳዩ ተገቢው ክርክር አልተደረገበትም፣ ይህን ለዓመታት ብቻዬን ስል ኖሬያለሁ። ግን አክሊሉ ሀብተ ወልድን የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም። ኤርትራ በ1943 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል፣ አሰብና ምጽዋም አብረው እንዲመጡ ያደረገው አክሊሉ በዓመታት ድርድር እንጂ በጥይት አይደለም። ፓሪስና ኒውዮርክ እየተመላለሰ፣ የሰው አገር ዲፕሎማት ቤት እራት እየበላ፣ ሰነድ እያገላበጠ። ያን ሰው ኅዳር 1967 ዓ.ም ያለ ፍርድ ገደልነው፤ ቦታውንም ለጯሂዎች ሰጠን። ዛሬ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አሰብ የሚያስገቡ ሰዎች ከሱ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት።

በቀደም አንዱ ልጅ፣ ጨዋ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ስልኩ ላይ ካርታ እያሳየኝ ከቡሬ እስከ አሰብ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ታንክ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያስረዳኝ ጀመር። አዳመጥኩትና ቡሬን ከየት እንደሚያውቃት ጠየቅሁት። ከካርታው ነው አለኝ። በ1992 ዓ.ም እዚያ ውጊያ እንደነበረ፣ ከዚያ የመጡ ቁስለኞች አሁን እሱ የተቀመጠበት አካባቢ ፀሐይ ይሞቁ እንደነበር ነገርኩት። ስልኩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ በዚያ ጦርነት ስንት ሰው ሞተ?»

19,000 ይላሉ ኤርትራውያን አልኩት።

«የእኛስ?»

ባለማወቄ አላፈርኩም፤ እንዲያውቅ የተደረገ የለምና። ማን መጠየቅ እንዳለበት ነገርኩት፤ የመረጠውን የምክር ቤት አባል፣ የሚያየውን ጣቢያ፣ በስልኩ የሚያዳምጠውን ያን የዋሽንግተን ሰውዬ። ስለ አሰብ ከመጠየቁ በፊት።